ሰው ሁሉ የሚያስሮጠው ክፍል

ለምወድሽ ምራቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? የአዲሱ ቤትሽ ማሞቂያስ ተሠራ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ከበረዶ ጋር መጥቶ ከበረዶ ጋር የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ዘንድሮ መሄጃው ዘገየ እንጂ። ሐይቁ ገና አልቀለጠም። ጎረቤቴ አርቪድ ግን የዓሣ ማጥመጃ ጎጆውን ሳይሰምጥበት ከሐይቁ በረዶ ላይ ጎትቶ አውጥቷል። ሚስቱ አርዲስ «አምና እንዳደረግከው ጎጆውን ለዓሦቹ ካወረስክ አንተም እዚያው እደር» ስላለችው ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት መልስ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። እንደምታውቂኝ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዱን መስመር ጨርሼ ሌላውን እስክጀምር ቡናዬ ይቀዘቅዛል። ደግሞ የምነግርሽ ነገር ነበረኝና መልክ እስኪይዝ ብዬ አቆየሁት። አሁን ይዟል።

የቴሌቪዥኑን ኬብል አቋረጥኩት።

አትደንግጪ። «ሳጥኑስ?» እንደምትይ አውቃለሁ። ልጄ ሮልፍ ካረፈ ወዲህ ያን ኬብል ያቆየሁት ቴሌቪዥኑ ሥር ላለው መቅጃ ሳጥን ስል ብቻ ነበር። ሳጥኑ የኩባንያው ነው፤ ኬብሉ ሲቋረጥ ይመለሳል፤ ሆዱ ውስጥ ያለውም አብሮት ይሄዳል። ሆዱ ውስጥ ያሉት ደግሞ የከተማችን ጣቢያ ያስተላለፋቸው የትምህርት ቤቱ የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታዎች ናቸው። ሮልፍ ራሱ ነው «እማዬ፣ አንቺ ሪሞቱን እንዳትነኪ ብቻ፣ እሱ በራሱ ይቀዳል» ብሎ ያስተካከለልኝ።

ጨዋታውን የማየው ይመስልሽ ይሆናል። ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። እኔ ግን ጨዋታውን አስሮጠዋለሁ። ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው እንደ ተነካ የጉንዳን ጎሬ ሲተራመሱ ጣቴን ከሪሞቱ ላይ አላነሳም። የማነሳው እረፍት ሲሆን ነው። ተጫዋቾቹ ይወጣሉ፤ ካሜራ የሚይዙትም ካሜራውን እንደበራ ትተው ፈንዲሻ ሊገዙ ይሄዳሉ። ያኔ የጥጉ በር ይከፈትና ሮልፍ፣ ሥራው ነበርና፣ በበረዶ ማለስለሻው መኪና ላይ ተቀምጦ ይወጣል። ሳይቸኩል ዙሪያውን ይዞራል። የተጫረው በረዶ ከኋላው እየረጠበ ያበራል። ይህን ክፍል ሰው ሁሉ ያስሮጠዋል። እኔ የማየው ይህን ብቻ ነው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጓንት ባጠለቀ እጁ ቆቡን መታ መታ ያደርግ የለ? እኔ የምቀመጠው ከላይ በበሩ በኩል ስለነበር ሰላምታው ለእኔ ነው እያልኩ ስንት ብርድ አሳልፌበታለሁ።

ከገና በፊት ሳጥኑ ማቃሰት ጀመረ። ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል፤ ምስሉ ይቆምና ይንቀጠቀጣል። ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ናት። «ምንም አያስቡ፣ አዲስ ሳጥን እንልክልዎታለን» አለችኝ። «ውስጡ ያለውስ?» ብላት «እሱማ ከአሮጌው ጋር ይቀራል። ግን በየሳምንቱ አዲስ ጨዋታ አለ እኮ!» አለችኝ። አመስግኛት ዘጋሁ።

እንግዲህ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ወይ ሳጥኑን እስኪሞት ድረስ ማስታመም፣ ወይ ሳይሞት በፊት ውስጡን ማውጣት። አርቪድን ጠራሁት። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠና «ይህቺ ላም ብዙ አትታለብም» አለኝ። ከዚያም ከቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ ስብከት ለሕመምተኞች ይቀዳበት የነበረ አሮጌ የዲስክ ማሽን ተውሶ መጣ። በሽቦ ከሳጥኑ ጋር አገናኘው። ችግሩ፣ አንድን ጨዋታ ለመቅዳት ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማጫወት ያስፈልጋል። «የክረምት ሥራ አገኘሁ» አለ አርቪድ፣ እጁን እያፋተገ።

እኔ በዚያው ሰሞን ለጉልበቴ ሕክምና ወደ ዱሉዝ ከተማ ወርጄ እህቴ ዘንድ ሰነበትኩ። ከመሄዴ በፊት ኬብሉ በወሩ መጨረሻ እንዲቋረጥ ተናግሬ፣ የቤቱን ቁልፍ ለአርቪድ ሰጠሁት። ያልሰጠሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። የቱን ክፍል እንደማይ አልነገርኩትም። የእኛን አገር ሰው ታውቂው የለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከመናገር ስለ ንፋሱ አቅጣጫ ብናወራ እንመርጣለን። «አደራህን አርቪድ» አልኩት፤ «አደራሽን በልቼ አላውቅም» አለኝ፤ ከዚያ ስለ ንፋሱ አወራን።

ስመለስ ጣሪያዬ ላይ አንቴና ቆሟል። ቴሌቪዥኑ ሥር ደግሞ ትንሽ አዲስ መቅጃ። በአየር የሚመጣውን ሁሉ ያለ ኬብል ይቀዳል። «ይሄኛው የራስሽ ነው፤ ማንም መጥቶ መልሺ አይልሽም» አለኝ አርቪድ። አሮጌውን ሳጥን በበረዶ እንዳልንገላታ ብሎ ራሱ ወደ ኩባንያው ቢሮ ወስዶ አስረክቦታል። ዲስኮቹ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ቂጣ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የተጋጣሚውን ስም ጽፎበታል። አንዱን ከተተና «አሁን ይህን ተመልከቺ» አለኝ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየፈሰሰ። «እረፍት በመጣ ቁጥር ተነሥቼ መቅዳቱን አቆምኩት። ባዶ በረዶ ምን ያደርግልሻል? ጨዋታውን ከጨዋታው አገጣጠምኩልሽ።»

ፊሽካው ተነፋ። ተጫዋቾቹ ሊወጡ ዞር ሲሉ፣ ወዲያው የጨዋታው ሁለተኛ ዙር ጀመረ። በሩ አልተከፈተም። ሌላ ዲስክ አስገባ፤ እዚያም አልተከፈተም።

«በጣም ጥሩ አድርገሃል፣ አርቪድ» አልኩት። «ሾርባ ትጠጣለህ?»

«አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«የዱር ሩዝ ነው፣ ትንሽ ቅመስ።»

«አትቸገሪ።»

«ተሠርቶ ያለቀ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ትንሽ» አለና ሁለት ሳህን ጠጣ። እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ ድስት ሳማስል ቆየሁ፤ የሚማሰል ነገር አልነበረውም።

ባዶ ድስት ሳማስል እንደቆየሁ ቤቱ ሲገባ ለአርዲስ ነግሯታል መሰለኝ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ አርዲስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች። አርዲስ! ጫማዋን ሳታወልቅ! «ይሄ ሰውዬ ምን አበላሸ?» አለችኝ። ለአርቪድ ያልነገርኩትን ለእሷ ነገርኳት። ቁጭ ብላ ስትሰማ ቆየችና «ዲስኮቹን ሁሉ አየሻቸው?» አለችኝ። «አሁን ምን ይሠሩልኛል?» አልኳት።

«አንቺ ባሌን አታውቂውም ማለት ነው» አለች። «በገዛ ሠርጋችን፣ ፓስተሩ ገና ሲሰብክ ያንቀላፋ ሰው ነው። ያንን ሁሉ ጨዋታ ነቅቶ ጨረሰ ብትይኝ በመጽሐፍ ብትምዪም አላምንሽም። እንቅልፍ ይዞት ሳያቆመው የተቀዳ እረፍት አይጠፋም። ፈልጊ!»

ወዲያው ባሏንም ጠራችው። ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተደረደርን፤ እኔ ሪሞቱን ይዤ፣ አርዲስ ሹራቧን እየሠራች፣ አርቪድ እንደ ተከሳሽ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ። አንዱን ዲስክ አውጥተን ሌላውን ስናስገባ «እኔ አላንቀላፋሁም፤ አንድ ጊዜም አላንቀላፋሁም» ይላል። «ዝም በል» ትለዋለች፤ «አንቀላፍተህ እንዲሆን ጸልይ።»

ልጆቻችን ከወንዝ ማዶዎቹ ጋር የተጫወቱበት ዲስክ ላይ ደረስን። ፊሽካው ተነፋ፤ ተጫዋቾቹ ወጡ። ምስሉ አልተቆረጠም። በረዶው ባዶውን ቀረ። ከዚያ የጥጉ በር ተከፈተ።

«አንቀላፍቻለሁ!» ብሎ ጮኸ አርቪድ፣ ልክ ግብ እንዳገባ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ። አርዲስ ግንባሩን ሳመችው፤ ቀጥላም በሹራብ መሥሪያው ወጋችው።

ሮልፍን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ስለነበረኝ ከአንዱ ወደ አንዱ እዘል ነበር መሰለኝ፤ አንድ ብቻ ሲቀረኝ ነው በደንብ ያየሁት። ምራቴ፣ ቆቡን መታ መታ ሲያደርግ የሚያየው ወደ ላይ ወደ እኔ አይደለም። አንገቱ ወደ ታች ነው የዞረው፣ ሜዳውን ከከበበው መስተዋት ሥር ወዳሉት መቀመጫዎች። እዚያ አረንጓዴ የሹራብ ኮፍያ ያደረገች ሴት መዳፏን መስተዋቱ ላይ ለጥፋለች፤ መኪናው እስኪያልፍም አላነሳችውም።

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለኝ። ያን ሁሉ ብርድ የሞቅኩት በሰው ሰላምታ ኖሯል! ከዚያ ግን መልሼ አየሁት፤ ደግሜም አየሁት። ልጄ እንደዚያ የሚያየው ሰው እንደነበረው ሳይ ቅሬታዬ የት እንደገባ አላውቅም። ዲስኩን አርቪድ በሌላ ዲስክ ገልብጦልሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ ተልኳል። ዲስኩም ሰላምታውም ያንቺ ነው። እንዳታስሮጪው።

ስለ ደብዳቤሽም ልመልስልሽ። አሸንዳሽን የጠገነልሽ ኤሜት የሚባለው ሰው፣ መኪናሽ አልነሳ ሲል ሥራ ያደረሰሽ ኤሜት፣ ሾርባ ጨው ሲበዛበት የማይናገረው ኤሜት፤ ስሙን በጻፍሽ ቁጥር ምክንያት እየፈለግሽለት ነው የጻፍሽው። እኔ ቀስ ብዬ ብጽፍም ቀስ ብዬ አላነብም። ምክንያት አያስፈልገውም።

አሁን ማታ ማታ የምፈልገውን እቀዳለሁ፤ ቤቱም ጸጥ ብሏል፤ የሚያቃስት ነገር የለም። የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ንፋስ አንቴናው ወደ ሐይቁ ዞረና አንዱ ጣቢያ ጠፋብኝ። አርዲስ አርቪድን መሰላል እንዳይወጣ ከልክላዋለች፤ እንቅልፉን ፈርታ ነው። መሰላል የሚችል ሰው ያስፈልገኛል። በረዶው ሲቀልጥ ስትመጪ ይዘሽው ነይ። ከጣሪያው ሲወርድ የሚያርፍበት ሌላ ወንበር የለኝም፤ የሮልፍ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጨው የበዛበት ሾርባ እኔም እሠራለሁ።

ከፊትሽ ያለውን መንገድ ፈጣሪ ያለስልስልሽ። ብርድ አይንካሽ፤ እንጀራሽም ጎጆሽም ይሙቅ።

እናትሽ