የት ነው የታተመው?

ሚያዝያ 18፣ 1990

እሑድ። ገብረእግዚአብሔር ከጫኖ ሙዝ ይዞልኝ መጣ። ሙዙ ሰበብ ነው... ኪሱ ውስጥ የድሮ ብር ነበረው። ጣልያኖች ድሮ ለአሥመራ ገበያ ብለው፣ የሴትዮዋ ሥዕል ያለበትን ማርትሬዛ ብር አስመስለው ያሳተሙት። የድሮ ብር የምንሰበስብበት የጋራ ሣጥናችን ውስጥ የራሱ ቦታ ይሰጠው አለ። እምቢ አልኩ። ሕጋችን ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ብር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ቢለያይ፣ ቢያረጅ፣ ለአንገት ጌጥ ተብሎ ቢበሳም ዓይነቱ ያው ነው። ሥዕሉ ወይም ያሳተመው መንግሥት ሲለይ ነው ሌላ የሚሆነው።

"ታዲያ መንግሥቱም ሌላ፣ የሴትዮዋም ፊት ሌላ! ምን ቀረህ?"

"መሳይ ነው። ማርትሬዛ ጎን ይተኛ።"

"አንተ ግትር!" ብሎኝ ሄደ። እሱ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን ዛሬውኑ አልነግረውም።

ሚያዝያ 27

አንድ ነጋዴ የምኒልክ ብር አመጣ። "የማይገኝ ዓይነት ነው" ይላል። ገብሬ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ሰውየው ከአንበሳው ሥር ያለችውን፣ የት እንደታተመ የምትናገረውን ምልክት በሞረድ ፍቋታል! "የታተመበትን ደብቆ ሌላ ሊያደርገው?" እያለ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ግንቦት 6

ሬዲዮው ስለ ባድመ ብቻ ነው የሚያወራው። ገብሬ አልመጣም።

ሰኔ 7

የመንግሥት ሰዎች በየሰፈሩ እየጠየቁ ነው አሉ። ማን የት ተወለደ... ገብሬ ከድንበሩ ማዶ፣ አዲ ቀይሕ ነው የተወለደው። እዚህ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ከአባያ ዳር እስከ ጫኖ ያልጠገነው የውሃ ሞተር የለም። እኔም እኮ መጤ ነኝ፣ ከጎጃም በአስተማሪነት የመጣሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ሰኔ 9

ገብሬን ለነገ ፖሊስ ጣቢያ ጠርተውታል። ማታ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ትርሐስ በር ከፈተችልኝ። የአዲግራት ልጅ ናት፤ እሷን አልጠሯትም።

"ገብሬ፣ አዲግራት ነው በል። የትርሐስ አገር ነው፣ መንደሩን ታውቀዋለህ። ማን ያጣራል?"

እጄን አየ።

"ሸዋንዳኝ... ሞረዱን ይዘህ መጣህ?" አለኝ።

 ትርሐስ ጉልበቱን ይዛ "በናትህ፣ አንዴ ብቻ ዋሽ" አለችው። ፀጉሯን እየዳበሰ "እናቴ እዚያ ነው የተቀበረችው፣ ትርሐስ። እንዴት ብዬ ልካዳት?" አላት።

ተናደድኩበት። በጣም ተናደድኩበት። መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰኔ 10

እውነቱን ተናገረ። አልተመለሰም። ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ለአንዱ ፖሊስ "ሠላሳ ዓመት እዚህ ነው የኖረው" አልኩት። "የት ኖረ አላልንም፣ የት ተወለደ ነው ያልነው" አለኝ።

እኔስ ብሩን ይዤ ከዚህ ሌላ ምን ጠይቄ አውቃለሁ?

ሰኔ 13

እሱንና መሰሎቹን በአውቶቡስ ወደ ድንበር ወሰዷቸው። በመስኮት እጁን አወጣ። ትርሐስ ጋቢውን ልታቀብለው ሮጠች። አልደረሰችም። ጋቢውን ታቅፋ መንገዱ ላይ ተቀመጠች።

ነሐሴ 21

በቀይ መስቀል በኩል ወሬ መጣ። አሥመራ ደርሷል። እዚያ ደግሞ "ኢትዮጵያዊው" ይሉታል አሉ።

ኅዳር 15፣ 1991

ኦይታ የሚባል የካምባ ገበሬ መጣ። እርሻ ሲቆፍር ያገኘው ብር ነው፤ ጭቃው ገና አልለቀቀውም።

"ጋሼ፣ ይሄ ምን ዓይነት ነው? አንተ ታውቃለህ አሉኝ።"

በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁት። አንበሳው ብቅ አለ። ቀኝ እግሩን ነው ያነሣው ወይስ ግራውን? ዓይነቱን የሚለየው እሱ ነው። ዓይኔ ደክሟል። ወደ መስኮቱ ዘረጋሁና "ገብሬ፣ እስቲ እየው" አልኩ።

ኦይታ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ብሩን ከእጄ ወሰደው።