ስሙ ሲጠራ

ኻርቱም፣ ሰሃፋ
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደሴ ላለችው ልጄ ለሉጥፊያ

የኔ አካል፣ እንዴት ነሽ? የአክስትሽ የፋሪሃ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ውሃው አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሰዉ ግን እየተመለሰ ነው። «ባዶ ከተማ ምን ያስቀምጥሻል?» እያልሽ አትነዝንዢኝ።

ስለ እጮኛሽ ስለ ሙስዐብም በየጊዜው ትጠይቂኛለሽ። ቆይ፣ እነግርሻለሁ።

እናቱ ሙኒያ ከፖርት ሱዳን ተመልሳለች። «ሬሕማ፣ ሽርክናችን አልፈረሰም። የኔ የቴአትር ማኅበርና ያንቺ የሴቶች የኪነት ማኅበር ለዒድ እንደ ድሮው አብረን እናዘጋጅ» አለችኝ። ምን ትርፍ አለው ልላት ነበር፤ ድሮስ መቼ ትርፍ ነበረን! እሺ አልኳት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተገናኘን። ጣሪያው ግማሹ የለም። ልማዳችንን ታውቂዋለሽ፤ ልምምድ ሳይጀመር ስም ይጠራል፣ ያለ ሰው «ፊ!»፣ አለሁ፣ ይላል። የቀረ ካለ «ማፊ»፣ የለም፣ አይባልም፤ ከሸሪኩ ማኅበር አንዱ «ፊ» ብሎለት ቦታውን ይይዝለታል። አንቺ ስታረፍጂ ሙስዐብ ስንቴ ብሎልሻል!

ሙኒያ ስትጠራ ስትጠራ ቆየችና «ሙስዐብ» አለች። የገዛ ልጇን። ያኔ ተኩሱ ሲጀመር፣ የኛን ከበሮዎች «አማና ናቸው፣ የሰው አደራ» ብሎ ሊያወጣ እዚሁ አዳራሽ ገብቶ ሳይወጣ ከቀረ ወዲህ ስሙን ስታነሳ ሰምቻት አላውቅም። ሁሉም አቀረቀረ። እኔ «ፊ» አልኩ።

ወላሂ አልዋሽሽም፤ ከኔ ቀጥሎ፣ ከኋላ፣ እሱ ከበሮ ይመታበት ከነበረው ጥግ፣ የወንድ ድምፅ «ፊ» አለ። ዞርኩ። ማንም የለም። ሙኒያም ዞራለች።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«እኔ ቤቴም እሰማዋለሁ» አለችና «ያላ፣ እንጀምር» ብላ አጨበጨበች። ከበሮውን እኔ መታሁ፤ ቦታውን የያዝኩት እኔ ነኛ።

ፈራሁ፣ ልጄ። አሁንም ፈርቻለሁ። ግን ትቻት አልመጣም፤ ስትጠራ የሚመልስላት ሰው ያስፈልጋታል።

ስለጠየቅሽኝ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሆድ ይፍጀው። አብዱልሰላም አንቺን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ፋሪሃ የምትመልሰው አጥታ መክረሟን ሰማሁ። ደግ ልጅ ነው፣ ዘሩንም አውቃለሁ። እሺ በይ።

ሙኒያ ያኔ ለአንቺና ለሙስዐብ ሠርግ ብላ በእጇ የቀመመችውን ሽቶ ትናንት ሰጠችኝ። «ላኪላት፤ ማንንም ታግባ፣ ልጄ ናት» አለችኝ። ሰው ሲገኝ እልከዋለሁ።

አላህ ከክፉ ይጋርድሽ፣ ጎጆሽን ያሙቅልሽ።

እናትሽ ሬሕማ