ለልጄ ያልደቃሁት ደረት

ሐሙስ

ዛሬም ማበጠሪያው ከጆሮዬ በላይ አልወጣ አለኝ። ግራ ክንዴ እንጨት ሆኗል። የጣሊያኑ ሐኪም ነቀርሳ ነው ብሎ ጡቴን ከቆረጠው ዓመት ሊሞላ ነው። ቁስሉ ገጥሟል። የሌለው ጡት ግን ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል። ነጠላ ሲነካው እንኳ እጮኻለሁ።

እሑድ የልጄ የደምሴ አርባ ነው። ጣርማ በር ላይ፣ የመንገዱ ዋሻ ሲቆፈር ናዳ ቀበረው። ሬሳውን አላየሁም።

ዓርብ

የባሌ እህት እትዬ አስካለ ከቀወት መጣች። ገና ከደጅ፣ «መርዶ ስትሰሚ ደረትሽን አልደቃሽም አሉ! የእንጀራ እናት እንኳ እንዲህ አታደርግ!» አለችኝ።

ወንድሟን፣ ባሌን፣ የገደለው ጣሊያን ነው። እኔ በጣሊያን ቢላ ዳንኩ ልበላት? ሐኪሙ የሚያየው የመንገድ ሠራተኛ ቤተሰብ ብቻ ነው ስለተባለ ደምሴ መዶሻ ያዘ። ለእኔ ብሎ። ይህን በምን አፌ አወራለሁ?

ቅዳሜ

ሕመሙ ባሰ። የምታውቀው ጎረቤቴ ዘሃራ ብቻ ናት፤ ቁስሌን ስታጥብ የከረመች እሷ ናት። ጀርባዬን በቅቤ አሸችኝ።

«ነገ ከቤት አትውጪ፤ ታማለች እላቸዋለሁ» አለች።

«በልጄ አርባ?»

«እንግዲያው እኔ ልድቃልሽ። የእኔ እንደሆነ ሁለት ነው።»

ሳቅሁ። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁም ወጋኝ።

ስትሄድ በቀኝ እጄ ደረቴን መድቃት አንዴ ሞከርኩ። ቀስ ብዬ ነው። ግድግዳውን ይዤ ነው የቆምኩት።

እሑድ

የደምሴን ሸሚዝ ታቅፌ ወጣሁ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ቆሜ አለቀስኩ። አስካለ መጣች። «ድቂ እንጂ! ልጅሽ አይደለም?» ብላ እጄን ይዛ ደረቴን መታችበት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ስነቃ መደብ ላይ ነኝ። ቀሚሴ ተከፍቷል። አስካለ ጠባሳውን እያየች ነው።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«የጣሊያን ሐኪም። የወሰደኝ ደምሴ ነው። መንገድ ሥራ የገባውም ለዚሁ ነው።»

ሸሚዙን አጣጥፋ ብብቴ ሥር ሸጎጠችልኝ፤ ክንዴ እንዲያርፍ። ተነሥታ ወጣች።

ከውጭ ስትደቃ ሰማኋት። ሌሎቹ ዝም ካሉ በኋላም አላቆመችም። ለእሱ ይሁን፣ ለእኔም ጭምር፣ አላውቅም። እስካሁን አልተመለሰችም። ሸሚዙ ግን ትንሽ አሳርፎኛል።