ስለ ሦስተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ኩላሊትዎም፣ ፊኛዎም፣ ከቢሮዎ ጥግ ያለችው የግልዎ መጸዳጃ ቤትም ሁሉም ደኅና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሦስተኛ ፎቅ የምመላለስ የፊኛ ካንሰር ታካሚዎ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ አስተያየት መስጫ ሣጥኑ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጽፌ ብጨምር የሣጥኑ መክፈቻ ጠፍቷል ስለተባልኩ ነው።

፩. ግድግዳው ላይ ስላሰቀሉልን፣ ብርጭቆ ይዛ ስለምትስቀው ሴት ሥዕል እናመሰግናለን። ውሃ በብዛት ይጠጡ ይላል። ነርሷም፣ እጇ ይባረክ፣ መድኃኒቱን በቀጭን ቱቦ ፊኛዬ ውስጥ ጨምራ ለሁለት ሰዓት ያህል እንድይዘው፣ ከሸናሁት በኋላ ግን ፊኛዬ እንዲታጠብ ቀኑን ሙሉ እንድጠጣ ትመክረኛለች። ከሥዕሉ ሥር ያለው የውሃ ማቀዝቀዣ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ባዶውን ቆሟል።

፪. መጸዳጃ ቤታችንን ንጽሕናው እንዲጠበቅ ብለው ስለቆለፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማንም ስለማይገባበት በእርግጥም ንጹሕ ነው። ቁልፉ ምድር ቤት፣ በጥበቃው መሳቢያ ውስጥ ይገኛል፤ ለአስታማሚ ስለማይሰጥ ታካሚው ራሱ ወርዶ፣ መታወቂያውን አስይዞ፣ ፈርሞ ይወስደዋል። ሊፍቱ ስለማይሠራ ስልሳ ስድስት ደረጃ ወርዶ ስልሳ ስድስት መውጣት ነው። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ አባባ ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው እያለ አንገቱን ይደፋል። በሁለተኛው ሐሙስ ቁልፉን ይዤ ስወጣ አርባኛው ደረጃ ላይ መያዝ አልቻልኩም። ልጄ ጃኬቷን አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ከበሽታው ይልቅ ያ ጃኬት አመመኝ።

፫. ደንብዎ አዲስ ሕክምና መፍጠሩንም ላበስርዎ እወዳለሁ፤ አለመጠጣት ይባላል። ያስተማረን ከጎኔ ያለውን አልጋ ይዞ የነበረው የሒሳብ መምህር ነው። ደረጃውንና የፊኛውን አቅም አስልቶ ቁልፉ በፍጹም እንደማይደርስለት ስላረጋገጠ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ጠብታ አይቀምስም ነበር። መድኃኒቱንም ሁለት አውቶቡስ ይዞ ቤቱ እስኪደርስ ጥርሱን ነክሶ ይይዘዋል። እኔም ተከተልኩት። ሽንቴ የዛገ ቧንቧ ውሃ መሰለ፤ ሲወጣ ያስለቅሰኛል። ነርሷ ለምን አልጠጡም ብላ ስትቆጣኝ በጣቴ ደረጃውን አሳየኋት።

መፍትሔ እጠብቃለሁ ብዬ አላስቸግርዎትም። ያንን የበር ቁልፍ በአምስት ደቂቃ ነቅዬ የምጥል ሰው ነበርኩ፤ ዛሬ እጄ መፍቻ አይጨብጥም። ሐኪሙ ካዘዘልኝ ስድስት ሐሙሶች ሦስቱ ገና ይቀሩኛል። ልጄ አንድም እንዳይጎድል ትለምነኛለች፤ እኔ ግን ደረጃውን ሳስበው የምመጣ አይመስለኝም።

ከታላቅ አክብሮትና ከደረቀ ጉሮሮ ጋር፣
ትእዛዝዎን አክባሪ የሦስተኛ ፎቅ ታካሚ

ማስታወሻ፦ መምህሩ ባለፈው ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን ፈርሞ ወስዶ ነበር። ሲወጣ ደረጃው ላይ ወደቀ፤ በማግስቱም አረፈ። ስለ ቁልፉ እንዳያስቡ፤ ከኪሱ ተገኝቶ በሰዓቱ ወደ መሳቢያው ተመልሷል። መታወቂያውን ልትወስድ የመጣችው ሚስቱ ግን ባለመታወቂያው ራሱ ቀርቦ እንዲፈርም ተነግሯታል።