በመጀመሪያው ቀን አይቆጡም

ውድ አምሃ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ከንቱ ነው ብሎ ከማንም በላይ የሚከራከረው እኔ ነበርኩ። ቢሆንም የእህትህን የመጀመሪያ ቀን ጉብኝት ያቀድነው እኔና አንተ ነን፤ እንዴት እንዳለፈ የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም። ከቀብርህ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ተነሥቼ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ተመልሼ እዘጋዋለሁ።

ሮማንወርቅ ቪዛ አገኘች ከተባለበት ዕለት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተከራከርን አንተም ታውቃለህ። ያንተ ዕቅድ ከኬኒንግተን በ159 ቁጥር አውቶቡስ ይነሣ ነበር፤ ከፎቁ ላይ፣ ከሾፌሩ አናት፣ የፊተኛው ወንበር። «ቱሪስቱ በዚያ ጣሪያ በሌለው አውቶቡስ ብዙ ከፍሎ የሚያየውን እኛ በቀን ትኬት እናየዋለን» ትል ነበር። ከዚያ የዌስትሚንስተር ድልድይ በእግር። ምሳ ከቤት የተቋጠረ ዳቦ በእንቁላል፣ ሴንት ጀምስ ፓርክ ሣሩ ላይ። ሸራ ወንበሮቹ ላይ ግን አይቀመጡም፣ ይከፈልባቸዋልና። ከምሳ በኋላ ትራፋልጋር አደባባይ ያለው የሥዕል ቤት፤ መግቢያው ነፃ፣ መጸዳጃው ንጹሕ። «ሥዕሉስ?» ስልህ «እግሯን ካሳረፈች በኋላ እሱንም ታየዋለች» አልከኝ።

እኔ ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም ይጀመር ባይ ነበርኩ። እሱም ነፃ ነው፤ ከመቅደላ የተዘረፉት ንዋየ ቅድሳታችንም እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው። ይህን ሳታይ ሌላ ምን ታያለች አልኩህ። ሳቅክና «ተክሌ፣ አንተ ልታስቆጣት እንጂ ልታስጎበኛት አልፈለግክም። በመጀመሪያው ቀን አይቆጡም። ሁለተኛው ቀን ያንተ ይሁን፣ እንዳሻህ ተቆጣ» አልከኝ። አልተስማማሁም።

ሐሙስ ዕለት በሥራ ቦታህ ልብህ ቆመ። እሷ ቅዳሜ ጠዋት ልትገባ ነበር።

ዓርብ ሁላችንም ዊልስደን እትዬ እታለማሁ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ጥላዬ እንደተለመደው ሽማግሌነቱን ያዘና ወሰነ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ከመንገድ ለገባ ሰውም አይነገርም፤ እዚሁ እህል ትቀምሳለች፣ ትተኛለች፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ይነግራታል። እስከዚያ አንተ ለሥራ ከከተማ ወጥተሃል እንላታለን።

«አንተ ከተማውን ታውቀዋለህ ተክለአብ» አለኝ። «ቅዳሜን ይዘሃት ዙር። እኛ ወንበርና ምግብ እናሰናዳ።»

«ወንድሟ አስከሬን ክፍል ተኝቶ ቤተ መንግሥት ላስጎበኛት?»

«ታዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ታልቅስ?»

«እውነቱ ይነገራት ነው የምለው።»

እትዬ እታለማሁ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አንተ እውነት ስትል እንደ ጋዝ ሂሳብ ወረቀት በበር ሥር ወርውሮ መሄድ ይመስልሃል» አለች። «ደግሞ ጺምህን ተላጭ። እንዲህ ሆነህ ብታይህ ገና ከበሩ ታውቃለች።»

ተላጨሁ። እየተቆጣሁ ስለተላጨሁ አገጬን ቆረጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት እህትህን አየኋት። ግንባሯ ያንተ ነው፤ አረማመዷም። ያንተን ዕቅድ እንዳለ ልከተለው አልቻልኩም፤ ኬኒንግተን ብንደርስ ቤቱን ልይ ትላለች። ስለዚህ ከዊልስደን በ52 ቁጥር እስከ ቪክቶሪያ፣ ከዚያ በእግር ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ፓርኩ፣ በመጨረሻ ድልድዩ፤ ከድልድዩ አንሻገርም። ሌሊቱን ሙሉ ያወጣሁት ይህን ነበር። አንድ ነገር ግን ካንተ ወሰድኩ፦ አልቆጣም ብዬ ማልኩ።

የመጀመሪያው አውቶቡስ እጃችንን እያየ አለፈን። ዝም አልኩ። ቪክቶሪያ ላይ አንድ ሰውዬ ቡናውን እጅጌዬ ላይ ደፋብኝ፤ «ምንም አይደለም» አልኩት። ፓርኩ ስንደርስ ደክሟት ኖሮ ከሸራ ወንበሮቹ አንዱ ላይ አረፍ አለች፤ እኔም ከጎኗ። ወዲያው አስከፋዩ መጣ። ከፈልኩት። የቋጠርነውን ዳቦ እዚያው በላን። እሷ ጥቂት ቆርሳ የቀረውን ለዳክዬዎቹ ጣለችላቸው። በየመሐሉ ስላንተ ትጠይቀኛለች፤ ወፍሯል? ብርዱን ለመደው? እኔም በኃላፊ ጊዜ እንዳልመልስ እያንዳንዱን ቃል እየመረጥኩ መለስኩላት።

ድልድዩ መሐል ስንደርስ ቆመች።

«ከሥራ ሲመለስ በዚህ ነው የሚሻገረው፤ ጽፎልኛል» አለች። ከዚያ ውኃውን እያየች፣ «ጋሼ ተክለአብ፣ ስለ እርስዎም ብዙ ጽፎልኛል።»

«ምን ብሎ?»

«ከአውቶቡስ ሾፌር ይጣላል፣ ፖስታ ቤት ወረፋ ላይ ይጣላል፣ ሻዩ ቀጠነ ብሎ ይጣላል። ከእሱ ጋር ስትወጪ ጆሮሽን ደፍነሽ ነው ብሎኛል። ለመናፈሻ ወንበር መክፈል ነውር ነው ብለው ከአስከፋዩ ጋር ስንት ሰዓት እንደተሟገቱም ጽፎልኛል። ስቄ ነበር።»

ቡና የነካውን እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«ዛሬ አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ፣ ዝም አሉ። ቡና ደፉብዎት፣ ምንም አይደለም አሉ። የወንበሩንም ከፈሉ፤ ያውም እየሳቁ።» የድልድዩን ብረት ያዘች። «ሰው እንዲህ የሚለዝበው ለምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጋሼ። እኔም እዚያው አገር ነው ያደግኩት።»

«ሮማን፣ ልነግርሽ …»

«አይንገሩኝ።» እጇን አነሣች። «አሁን ከነገሩኝ እዚህ ለማያውቀኝ መንገደኛ ሁሉ ነው የምጮኸው። ነገ እነሱ ይንገሩኝ። እትዬ እታለማሁ ጠዋት ሻይ ስትቀዳልኝ ፊቷን እንዴት አድርጋ እንደያዘች አይቻለሁ፤ ልፋቷን አላበላሽባትም።»

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግልሽ?»

«እሱ የጻፈልኝን አውቶቡስ ያሳዩኝ።»

159ን ያዝን። ፎቁ ላይ ወጣን። ያ የምትወደው የፊት ወንበር ላይ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ብቻውን ተዘርግቶ፣ ሁለት ጫማውን ከነጭቃቸው በአጠገቡ ባለው መቀመጫ ላይ ሰቅሏል። እህትህ ጫማዎቹን አየች፤ እኔን አየች።

«ጋሼ፣ ዝም ሊሉት ነው?»

ከዚያ ወዲያ ያልኩትን አልጽፍልህም፤ ትገምተዋለህ። የሦስት ቀን ቁጣዬን ሁሉ በዚያ ሰውዬ ላይ አራገፍኩት። ጫማውን አውርዶ ተነሣና ወደ ኋላ ሄደ። ሮማን መቀመጫውን በእጇ ጠርጋ ተቀመጠችና ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል።

ኬኒንግተን ስንደርስ «የትኛው ነው?» አለችኝ።

«ሦስተኛው ፎቅ። አረንጓዴ መጋረጃ ያለው።»

መጋረጃው ሐሙስ ጠዋት እንደተውከው ግማሹ ተከፍቶ ነበር። ልወርድ ደወሉን ስፈልግ እጄን ያዘችኝ። አውቶቡሱ ቆመ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቤትህ እስኪጠፋ አየችው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰበሰበ። ጋሽ ጥላዬ «ልጄ ሮማንወርቅ» ከማለቱ ጮኸች። ማወቋን የማውቀው እኔ ነበርኩ ከሁሉም ይልቅ የደነገጥኩት። ለይሉኝታ የተጮኸ አልነበረም፤ አፏን ይዛ ያሳደረችው ነው። እትዬ እታለማሁ አቅፋት «እኔን፣ ምንም ሳታውቂ» እያለች አለቀሰች። ሮማን አላረመቻትም።

እውነት በሰዓቱ ይነገር ባይነቴ አሁንም እንዳለ ነው፤ ለጋሽ ጥላዬም ከቀብር መልስ ነግሬዋለሁ፣ ተኳርፈናል። ግን ያቺ ሴት ያን ቀን ከእኔ ጋር ስትዞር ምን ይዛ እንደነበር ባሰብኩ ቁጥር እንደገና እነሣለሁ፣ እንደገና መስኮቱን እከፍታለሁ።

ትናንት ሰዉ ሲሳሳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ሁለተኛው ቀን የእርስዎ ነው ብሎ ጽፎልኝ ነበር» አለችኝ።

ነገ ብሪቲሽ ሙዚየም እንሄዳለን። ዳቦና እንቁላሉን እሷ ትቋጥራለች። ወንበር ላይ አንቀመጥም። ስለ ቁጣው አታስብ፤ ፈቅደህልኛል፣ ለሁለታችንም እቆጣለሁ።

አንድም ቀን ካንተ ጋር ያልተስማማ ወዳጅህ፣
ተክለአብ