ዞራ የምትመለሰው አቦል

ዛሬ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። እማዬ፣ ይህን ልጻፍልሽ ወይስ ልተወው እያልኩ ስንት ጊዜ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ግን ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

እንዴት ነሽልኝ? እግርሽን ተሻለሽ? ታናናሾቼስ፣ ቴዎና ፀዲ ደህና ናቸው? የአዋሽ ሙቀት ቀለል አለላችሁ? እኔን ከጠየቅሽኝ አካሌ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን ባብቷል።

አክስቴ ትርሲት ባለፈው እሁድ ምግብ ቤቷ ውስጥ ከአንድ ደላላ ፊት አስቀመጠችኝ። ሰውየው ከኦቦክ ወደብ በጀልባ የመን፣ ከዚያም ሳዑዲ ያደርሰኛል አሉኝ ሁለቱም። አክስቴ ክፋት የላትም፤ እዚህ ሳሕን ከማጠብ የሚሻለኝ መስሏት ነው። እንቢ ልል ነበር። ግን ታላላቆች ፊት ቀና ማለት እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ጉልበቴን እያየሁ እሺ አልኩ። ወዲያው ተነስተው «ባሕሩ እንደ መሬት ይሁንልሽ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ከተመረቁ በኋላ አልሄድም እንዴት ይባላል? የፊታችን ዓርብ እንነሳለን። አብራኝ ትሠራ የነበረችው ሂንድ በዚያው መንገድ ሄዳ ድምጿ እስካሁን አልተሰማም።

ትናንት ከጎረቤታችን ልጅ ከውዳድ ጋር ልብስ እናሰጣ ነበር። እሷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ከስልኳ አነበበችልኝ። አገራችን ኢትዮጵያ «ቡና» ብላ ስም ያወጣችለት ሩቅ ኮከብ አለ። አቦል የምትባል ፕላኔት ትዞረዋለች። ኮከቡ አርጅቶ ማበጥ ጀምሯል አለችኝ። አቦል ትጠጋውና መልሳ ርቃ ትሄዳለች፤ አንዱ ዙር ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል። ርቃ ብትጠፋስ ብዬ ጠየቅኋት።

«አንቺ፣ ዘመድሽ ናት እንዴ? አትጠፋም፤ ኮከቡ ይዟታል» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ከአንቺ ከተለየሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማታ ቀና ብዬ ፈለግሁት፤ በዓይን ብቻ አይታይም። ሳይታይም ግን ይይዛታል። እማዬ፣ አንቺም ያዢኝ። ባሕሩን ከተሻገርኩ የምትደርሺብኝ አይመስለኝም።

ቴዎን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ፀዲ ትቼው የመጣሁትን ጫማ ታድርገው፤ በጭቃ ግን እንዳታበላሸው። ጎረቤትሽ እማማ ትሁንም በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ አደራ በያቸው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ እንደ ወትሮው ሾፌሩ ጋሼ ጀንበሬ ነው። ነገ ጠዋት መኪኖቹ ከሚቆሙበት ከፒኬ 12 ይነሳል። ሁልጊዜ ሰጥቼው አቀርቅሬ እመለስ ነበር። ነገ ልብሴን በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ፤ ወደ አንቺ ይዞኝ እንዲመጣ እለምነዋለሁ። አፌ ከተሳሰረብኝም ደብዳቤውን ሳላሽግ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ያንብበው።

ልጅሽ ሀና
ካርቲየ 6፣ ጅቡቲ