በዶቅዶቄ ላይ የታሰረው ጡሩምባ

ሸሕዲ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ክረምቱን ሲያሠቃይሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በምርኩዝ ነሽ? ላሟስ ወለደች? የክርስትና እናቴ አሰፋች ከነልጆቿ ደህና ናት? ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ዛሬ እንዲያ ብዬ አልዋሽሽም፤ ደህና አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልሰደድሁትም። ጎረቤታችን ቢሻው በእራፊ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞልሽ ይመጣል። የምታነብልሽ የአሰፋች ልጅ ትሁን እንጂ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ እንዳይሆን። አንብባልሽ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ክተቺው።

በሰው የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። «ባል አግብታ ወንድሟን አሽከር አደረገችው፤ ለጤፉ አጨዳ ልጄን ትላክልኝ» ብለሻል። መልእክቱን ያደረሰኝ ሰው መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ። እናቴ፣ ማሩ እኔ ቤት የለም። የቤቴን ደፍ አንድ ቀን አልረገጠም። ወታደር ሊያደርጉት አፍሰው ወስደውታል። ከአዴት ምልመላ አስመልጠሽ፣ ቆላ ይሻላል ብለሽ የላክሽው ልጅ እዚህ ሸሕዲ ላይ ታፈሰ። ቁጭ በይና ስሚኝ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአማችሽ ነው። ደምለውን ታውቂዋለሽ፤ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ሲያወራ የሚውል ሰው ነው። ጋራዥ የሚላት አንዲት የቆርቆሮ ጥላ አለችው፤ የትራክተር ጎማ ይለጥፍባታል፣ የተሰበረውን ይበይድባታል። እዚህ ደግሞ የምልመላው ኃላፊ ጓድ ፈረደ የሚሉት ካድሬ ነው። ዶቅዶቄ ተሰጥቶታል። ዶቅዶቄዋ ሌላ እንከን አልነበራትም፤ ክላክሷ ግን የጫጩት ድምፅ ነው። አህያ እንኳ ከመንገድ አትወጣለትም ነበር። ሰኔ ላይ በገበያ ቀን አንዲት በግ የምትነዳ ሴት ሳትሰማው ቀርታ መንገዱን ዘጋችበት፤ ቢያስጮኽ ቢያስጮኽ ዞራ አላየችውም፤ ገበያው በሙሉ ሳቀ። ይህ ሰው ሁሉን ይችላል፣ ሳቅ ግን አይችልም። እንደ ተናደደ በቀጥታ እኛ ቤት መጣና ደምለውን የሚሰማ ነገር ግጠምልኝ አለው።

ጓንግ ወንዝ ላይ ጎርፍ የገለበጠው አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበር። ደምለው ጡሩምባውን ፈትቶ አምጥቶ ከአልጋችን ሥር አኑሮት ነበር። እሱን አውጥቶ ከዶቅዶቄዋ መብራት ሥር በብረት አሰረው። የራሷ ባትሪ ሊያስጮኸው አልቻለም፤ ስለዚህ ሁለት የላንድሮቨር ባትሪዎች በጣውላ ሣጥን አድርጎ ከወንበሩ ኋላ ጫነባት፤ ሽቦውን በሆዷ ሥር አሳልፎ ከመሪው ላይ መጫኛ ቁልፍ ገጠመለት። ሲሞክሩት እኔ በርበሬ እየቀነጠስሁ ነበር፤ ደንግጬ ሰፌዱን ደፋሁት። የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ አጥር ላይ ወጣ። ጓድ ፈረደ ኋላው በባትሪ ተይዞበት ሰው ማፈናጠጥ እንኳ የማይችል ሆኖ ሳለ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ።

ሲሄድልን ደምለውን ተቆጣሁት። የሰው ልጅ ለሚያፍስ ሰው እንዲህ ያለ ጌጥ ታበጃለህ ወይ አልሁት። እሱ ሳቀብኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከእንግዲህ ይህ ሰው ገና ከተማው ሳይደርስ ሁሉም ይሰማዋል፤ እሱ እስኪደርስ ጎረምሳው ማሽላ ውስጥ ይገባል አለኝ። አብሮን ለሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ለአዛናው ነገረው፤ አዛናው ለጓደኞቹ ነገረ፤ ነገሩ ጓሮ ለጓሮ ከተማውን አዳረሰ። ባሌ ብልህ ነው ብዬ ኮራሁ።

እውነትም ሠራ። ጓድ ፈረደ ክረምቱን ሙሉ ባዶ ቤት ሲያንኳኳ ከረመ። ጡሩምባውን ሳያስጮኽ መምጣት አይሆንለትም፤ ካላስጮኸው ዶቅዶቄ ላይ የተቀመጠ አይመስለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ባትሪዎቹን ሊያስሞላ እኛ ዘንድ ይመጣል። እኔ ጠላ እቀዳለታለሁ፣ እሱ የዚህ ከተማ ወጣት የት ገባ እያለ ይጠይቀናል፣ እኛም እንጃ ጓድ፣ ሱዳን ሳይሻገር አይቀርም እንለዋለን። ሲወጣ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። አዛናው የሱን አረማመድ እያስመሰለ በቤቱ ውስጥ ይንጎራደድልን ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሰሊጡ ደረሰ። ሰሊጥ እንደ ጤፍ አይታገሥም፤ ቀኑ ካለፈ ራሱን ከፍቶ ፍሬውን ለመሬት ይሰጣል። ስለዚህ ደገኛው ማጭዱን ይዞ ይወርዳል፤ ጎጃሜውም ወሎዬውም ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ሜዳ ይሰፍራል። ጠዋት ጠዋት የእርሻ መኪኖች ይመጡና ከሜዳው ዳር ቆመው ጡሩምባ ይነፋሉ። ብዙዎቹ ኤንትሬዎች ናቸው። ያን ጊዜ ሜዳው በሙሉ ይነሣና ይሮጣል። ቀድሞ የተሳፈረ ሥራ ያገኛል፣ የዘገየ ጦሙን ይውላል።

ይህን ደምለው ጡሩምባውን ሲያስር አላሰበውም፤ ጓድ ፈረደም አያውቀውም። አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ እያስጮኸ ገባ። የከተማው ልጅ ወደ ማሽላው ሮጠ፤ ደገኛው ግን ወደ እሱ ሮጠ። የእርሻ መኪና መስሎት ነዋ። ዶቅዶቄዋን ከበባትና፣ ጌታዬ መኪናው የት ቆሟል፣ እኔን ይያዙኝ፣ እኔ ጠንካራ ነኝ ይለዋል። ካድሬው ለጊዜው ግራ ተጋባ አሉ። ኋላ ገባው። በማግስቱ ሸራ የለበሰ የወታደር መኪና አስከትሎ መጣና ጡሩምባውን ነፋ። ደገኛው እየተጋፋ በገዛ እግሩ ወጣበት። ማንም ዱላ አላነሣም፣ ማንም አልጮኸም። ሸራው ሲዘጋባቸው ነው ነገሩ የገባቸው።

ከተማውም ዝም አለ። እንዲያውም እፎይ አለ። የሸሕዲ እናት ልጇ በአልጋው አደረላት። ልጆቹም መሸሹን ተዉት፤ ጡሩምባው ሲጮኽ «የደገኛ ነው» ብለው ጨዋታቸውን ይቀጥሉ ጀመር። ለነዚያ ሰዎች ለምን አንድ ሰው አይነግራቸውም ብዬ ደምለውን ብጠይቀው መልሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«የምልመላውን ኮታ የሚሞላ ሰው ከሰማይ አይወርድም። እነሱ ከሸሹ የሚሄደው አዛናው ነው። እነሱን እዚህ ማን ያውቃቸዋል?» አለኝ።

ማን ያውቃቸዋል አለኝ፣ እናቴ። ይህን የሚለኝ ከአዴት ያመጣኝ ሰው ነው። እሱ ይህን ሲናገር ማሩ እዚያ ሜዳ ላይ ነበር፤ ከቤቴ እስከዚያ እሳት ጭሬ የምመለስበት መንገድ ነው። መውረዱን እንኳ አላውቅም ነበር።

ለምን እንዳልመጣ ኋላ ሰማሁ። «ባዶ እጅህን እህትህ ቤት አትግባ፤ አማቾቿ ይንቋታል» ብለሽው ነበር። ምን ነበር እናቴ? ባዶ እጁን ቢመጣልኝ ምን እጎድል ነበር? ጥቂት ቀን ሠርቶ፣ ሻሽ ገዝቶልኝ፣ ሰው መስሎ ሊገባ ነበር። ከአንድ የሱዳን ነጋዴ ሱቅ ገብቶ ቢጫውን መርጦ፣ እስክመለስ እንዳትሸጠው ብሎት ወጥቷል። ሻሹ አሁንም እዚያው ተሰቅሏል፤ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ። በሌላው ሁሉ ይቅር ብልሽ በዚህ ግን ተቀይሜሻለሁ፤ ተቀይሜ ነው የምጽፍልሽ።

የተወሰደ ዕለት አብሮት የወረደው ቢሻው የማሩን ስንቅና ጋቢ ይዞ በሬ ላይ ቆመ። እያለቀሰ እንዲህ አለኝ፦ «ጡሩምባው ሲጮኽ ‹ተነሥ፣ ሰሊጥ ነው› ብሎ ቀሰቀሰኝ። እኔ እግሬን እሾህ ወግቶኝ ነበርና ኋላ ቀረሁ። እሱ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። እኔን ሊያሳፍረኝ እጁን ዘርግቶልኝ ሳለ ሸራውን ዘጉበት።»

ማሩ ሯጭ መሆኑን አንቺው ታውቂያለሽ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚቀድመው አልነበረም።

ጓድ ፈረደ ዘንድ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ጠላዬን ሲጠጣ የከረመ ሰው እንዳላየ ሆነ፤ ወንድምሽ ለእናት አገሩ ነው የሄደው፣ ልትኮሪ ይገባሻል ብሎ ሸኘኝ። መኪናው ወደ ጎንደር መሄዱን ብቻ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንዳደረሱት የሚነግረኝ አጣሁ። ደምለው አብሮኝ አልሄደም። እሱ ከተናገረ የአዛናው ነገር ይነሣል ብሎ ነው። ስመለስ ሊያባብለኝ ቡና አፍልቼልሻለሁ አለኝ፤ አልጠጣሁለትም።

ለማሩ የቋጠርሽለት ዳቦ ቆሎ ገና ግማሹም አልተነካም ነበር። ልበላው አልቻልሁም፣ ልጥለውም አልቻልሁም። ወሰድሁና ሜዳው ላይ ለሰፈሩት ደገኞች አከፋፈልሁት። የአገራችን ልጆች ነበሩባቸው፤ አነጋገራቸው አንጀቴን በላው። ከየእሳታቸው ዳር ተራ በተራ እየተቀመጥሁ ስንጫወት ዋልን። ምን እንደተጫወትን ዕድሜ ከሰጠን ፊት ለፊት አጫውትሻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጡሩምባው ጮኸ። ከሜዳው አንድ ሰው አልተነሣም። ጓድ ፈረደ ደጋግሞ ነፋው። ደገኞቹ ማጭዳቸውን እየሳሉ አዩት። አንዱ እንዲያውም ሳቀ አሉ። ያን ጊዜ ዶቅዶቄዋን አዞረና ወታደሮቹን አስከትሎ ወደ ከተማው ገባ። የከተማው ልጅ መሸሽ ከተወ ሰንብቷል። አዛናው ጋራዡ በር ላይ ጎማ ሲነፋ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየ።

ደምለው ከዶቅዶቄዋ ፊት ተንበርክኮ፣ ጓድ፣ ወንድሜ ነው፣ ጡሩምባውን እንኳ የገጠምሁልዎ እኔ ነኝ እያለ ለመነው። ጓድ ፈረደ መልስ የሰጠው ስለ ባትሪው ነው፤ ቅዳሜ መጥቼ አስሞላዋለሁ አለው። አዛናው ከመኪናው ላይ ሆኖ እኔን አየኝና «እትዬ!» ብሎ ጠራኝ። ምን ላድርግለት? ክፉ ልጅ አልነበረም። ውኃ እንዳልቀዳ ሲከለክለኝ፣ ጀሪካኑን በራሱ ተሸክሞ ሲያመጣልኝ የኖረ ልጅ ነው። ሌሊት ሌሊት በሩ ሲንኳኳ እሱ ይመስለኛል።

አሁን ቤታችን ለቅሶ ቤት ነው። አማቴ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከአብርሃ ጅራ መጥተው ምድር ላይ ተቀምጠዋል። ትናንት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳለ ብድግ አሉና ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «ለነዚያ ደገኞች የነገረ ሰው ልጄን ከእቅፌ አወጣ። እጁ ልጅ አይቀፍ» አሉ። ጎረቤቱ በሙሉ አሜን አለ። ደምለውም አሜን አለ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ክንዳቸውን ደግፌ ነበር፤ አሜን አልሁ።

የነገረው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ለማሩ ሻማ ስታበሪ ለአዛናውም አንድ አብሪለት፤ ማነው ብለሽ አትጠይቂ። ጋቢውን በቢሻው እጅ ልኬልሻለሁ፤ እንዳታጥቢው። ደብዳቤ የሚጨርስ ሰው ይመርቃል፤ እኔ ግን ምርቃት አልቆብኛል። አንቺ መርቂኝ። ከቤት ውጪና፣ ሰማዩ በሚታይሽ ቦታ ቆመሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «እጆችሽ ልጅ ይቀፉ» በይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ብለሽ አትተይው። ለማንም ገና አልነገርሁም፤ አንቺ እናት ነሽና ይገባሻል።

ልጅሽ፣
የማሩ እህት